ከጫካው ሥር ስንት ሰው ነበር? የማያ ፍርስራሾች ጥናት ከ1839 እስከ ዛሬ

በ1961 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በሰሜን ጓቲማላ የምትገኘውን የጥንታዊቷን የማያ ከተማ የቲካልን ካርታ አሳተሙ። ካርታው 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሕንፃዎችና ጉብታዎችም ተመዝግበውበታል። ሰዎች ገጀራ ይዘው ጫካውን እየመነጠሩ፣ እየለኩና እየመዘገቡ ዓመታት የደከሙበት ሥራ ስለነበር የዘመኑ ባለሙያዎች በአድናቆት ተቀበሉት። በ2018 ደግሞ በዚያው በጓቲማላ ሰሜናዊ ቆላ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ይፋ ሆነ፤ የሸፈነው 2,144 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የቆጠረውም 61,480 የሕንፃ ፍርስራሾች ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ መካከል 57 ዓመት አለ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ማያዎች አንድ ድንጋይ አልጨመሩም፤ እነዚህ ከተሞቻቸው ባዶ ከቀሩ ሺህ ዓመት አልፏል። የተለወጠው ፈላጊው፣ መሣሪያውና ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ነገር ነው። የማያን ጥናት ታሪክ በየዘመኑ እየከፈለ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይደጋገምበታል፤ አጥኚዎች ከቤተ መቅደሱ ወርደው ወደ ተራው ሰው መኖሪያ በተጠጉ ቁጥር የሕዝቡ ግምት ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ቤተ መቅደሱ ሲመለሱ ደግሞ ይወርዳል። ዛሬ የደረስንበት ትልቅ ቁጥርም መነበብ ያለበት ከዚህ ታሪክ ጋር ነው።

መነሻው እንደ ልማድ 1839 ነው። አሜሪካዊው ጠበቃ ጆን ሎይድ ስቲቨንስና እንግሊዛዊው ሠዓሊና አርክቴክት ፍሬድሪክ ካተርውድ በዚያ ዓመት ወደ መካከለኛው አሜሪካ ተጓዙ፤ በዛሬዋ ሆንዱራስ ውስጥ ወደ ኮፓን ፍርስራሽ ደረሱ፤ ስቲቨንስም ቦታውን በ50 ዶላር ገዛው። ካተርውድ ሐውልቶቹን በትክክል ለመሳል በጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ከትንኝ ጋር እየታገለ ሠራ፤ ሥዕሎቹም ዛሬ ድረስ ለአጥኚዎች ያገለግላሉ፤ ከዚያ ወዲህ የተሰበረውና የተሸረሸረው ድንጋይ ጥቂት አይደለምና። ከነሱ በፊት የነበረው ወሬ ግን ሌላ ነበር። እነዚህን ከተሞች የሠሩት ግብፃውያን ናቸው፣ ፊንቄያውያን ናቸው፣ የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ናቸው፣ ከአትላንቲስ የተረፉ ናቸው ይባል ነበር። ስቲቨንስ ይህን ሁሉ ገፍቶ፣ ሠሪዎቹ በአካባቢው የሚኖሩት ተወላጆች አባቶች ናቸው ብሎ በግልጽ ጻፈ። በ1841 እና በ1843 የታተሙት መጻሕፍቱ በሰፊው ተነበቡ፤ የሠሪዎቹም ጉዳይ ቢያንስ ለቁም ነገረኛ ሰው እዚያ ላይ ተዘጋ። ስንት ሰው ይኖር ነበር የሚለውን ጥያቄ ግን ያነሳ አልነበረም። በጫካ ውስጥ የሚታየው ትልቁ ድንጋይ ነበር፤ የተፈለገውም እሱው።

የቀረው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመዝገብ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሞድስሌይ ከ1881 ጀምሮ ሐውልቶቹን በፎቶግራፍና በጂፕሰም ቅጂ መዘገበ። በጀርመን ደግሞ የድሬስደን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤርንስት ፎርስተማን እጁ ላይ ያለውን ጥንታዊ የማያ መጽሐፍ እየመረመረ የዘመን አቆጣጠሩን ፈታ። ከስፔን ወረራ የተረፉት የማያ መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው፤ በ1562 ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ዲዬጎ ዴ ላንዳ በማኒ ከተማ የተገኙትን ሰብስቦ አቃጥሏል። ያው ላንዳ ስለ ማያዎች የጻፈው ማስታወሻ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ማድሪድ ውስጥ ሲገኝ፣ ጽሑፉን ለመፍታት ዋናው ቁልፍ የነበረው በዚያ ውስጥ ነው። ይህን ታሪክ ሁልጊዜ ሳስበው ይገርመኛል፤ ያቃጠለውም ቁልፉን ያቆየውም አንድ ሰው ነው።

የፎርስተማን ግኝት ግን ሳይታሰብ ወደ አንድ ስሕተት መራ። ሊነበብ የሚችለው የዘመን ቁጥርና የኮከብ ስሌት ብቻ ስለነበር፣ ጽሑፉ በሙሉ ስለ ጊዜ ነው ተባለ። ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ጥናቱን የመሩት በዋሽንግተን የካርኔጊ ተቋም ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲልቫነስ ሞርሊ በ1924 የቺቼን ኢትዛን ሥራ ጀመረ፣ ተቋሙም ከ1926 እስከ 1937 በዋሻክቱን ቆፈረ። የዘመኑ ትልቅ ድምፅ ግን እንግሊዛዊው ኤሪክ ቶምሰን ነበር። በሱ ሥዕል ማያዎች ሰላማውያን ነበሩ፤ ከተማ የሚባለው ቦታ ጥቂት ካህናት ከዋክብትን የሚቆጥሩበት፣ ሕዝቡም ለበዓል ብቻ የሚሰበሰብበት፣ በቀረው ጊዜ ባዶ የሚሆን ሥፍራ ነበር። ገበሬው ደን እየመነጠረና እያቃጠለ በቆሎ ይዘራል፣ መሬቱ ሲደክም ይለቃል። እንዲህ ያለ እርሻ ብዙ ሰው አይመግብም፤ ስለዚህም ብዙ ሰው አልነበረም። ክቡ ሙሉ ነው፤ አንዱ ግምት ሌላውን ይደግፋል።

በዚያው ዘመን ግን ክቡን የሚሰብር ማስረጃ እጅ ውስጥ ነበር። በዋሻክቱን የሠራው ኦሊቨር ሪኬትሰን ከከተማው መሐል በአራቱ አቅጣጫ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ ጠባብና ረጅም መሬት አስመንጥሮ በውስጡ ያሉትን ትናንሽ የቤት ጉብታዎች አስቆጠረ። ጉብታው ከተጠበቀው በላይ ስለበዛ፣ ሕዝቡ በምንጣሮ እርሻ ብቻ ሊኖር አይችልም ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። የሚሰማው ግን ጥቂት ነበር። በኔ ግምት የዘመኑ ጥፋት የማስረጃ እጥረት አይደለም፤ ማስረጃው ከገባ በኋላ የሚቀመጥበት ቦታ አለመኖሩ ነው። በ1946 በቦናምፓክ የተገኙት የግድግዳ ሥዕሎች ምርኮኞች ጥፍራቸው እየደማ በንጉሥ ፊት ሲቀርቡ እያሳዩም፣ የሰላማዊው ካህን ሥዕል ለተጨማሪ አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ቆሟል።

የመጀመሪያው እውነተኛ መታጠፊያ ከ1952 እስከ 1961 ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ያርፋል። በ1952 ሜክሲኳዊው አልቤርቶ ሩዝ በፓሌንኬ ከአንድ ፒራሚድ ሥር በድንጋይ የተሞላ ደረጃ ለዓመታት ሲያስጠርግ ቆይቶ የንጉሥ ፓካልን መቃብር ከፈተ፤ ቤተ መቅደስ ብቻ የተባለው ሕንፃ የአንድ ሰው፣ በ683 የሞተ ንጉሥ፣ መታሰቢያ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት በሌኒንግራድ ዩሪ ክኖሮዞቭ የላንዳን ማስታወሻ ይዞ የማያ ጽሑፍ ድምፅን የሚወክሉ ምልክቶች እንዳሉት አሳየ። ክኖሮዞቭ የማያን ፍርስራሽ በዓይኑ ያየው በ1990 ነው፤ ቶምሰንም እስከ 1975፣ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ አልተቀበለውም። በ1958 ሃይንሪክ በርሊን የየከተማውን መለያ ምልክት ለየ። በ1960 ደግሞ ታቲያና ፕሮስኩርያኮፍ የፒዬድራስ ኔግራስን ሐውልቶች በረድፍ አስቀምጣ ቀኖቻቸውን አስተያየች፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ውስጥ ያሉት ቀኖች ከአንድ ሰው ዕድሜ አያልፉም። ልደት፣ ንግሥ፣ ሞት ናቸው። ክርክሩ ቀላል ነው፣ ሊመለስም የማይችል፤ ቶምሰን ራሱ አንብቦ ትክክል ናት ብሏል። በ1973 በፓሌንኬ በተደረገ ስብሰባ ጥቂት ሰዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ የከተማዋን ነገሥታት ዝርዝር በተርታ ማስቀመጥ ቻሉ። ዛሬ በስም፣ በቀንና በጦርነት የምናውቀው ታሪክ፣ ለምሳሌ በ378 ከሜክሲኮዋ ቴዎቲዋካን ጋር የተያያዙ ኃይሎች ቲካል ገብተው ሥርወ መንግሥቱን የለወጡበት፣ የዚህ ፍሬ ነው። ለዘመኑ ማነፃፀሪያ፣ የ378ቱ ለውጥ የሆነው በአክሱም ከንጉሥ ዒዛና ዘመን ብዙም ሳይርቅ ነው።

ጽሑፉ ነገሥታቱን ሲያስነሳ፣ ገበሬውን ያስነሳው ግን ሌላ ሥራ ነው። ጎርደን ዊሊ ከ1954 እስከ 1956 በቤሊዝ ወንዝ ሸለቆ ቤተ መቅደሱን ትቶ የቤት ጉብታዎችን እየቆጠረ ቆፈረ። ከ1956 እስከ 1970 የዘለቀው የቲካል ፕሮጀክትም ይህንኑ በትልቅ ደረጃ ተከተለ። ውጤቱ መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩት ካርታ ነው። ባዶ የተባለው ከተማ በቤት ተሞልቶ ተገኘ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለቲካል የተሰጠው ግምት 40,000 አካባቢ፣ በ1990 ደግሞ 120 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሆነው ለከተማዋና ለዙሪያዋ 62,000 ነበር።

ይህን ያህል ሰው ምን ይበላ ነበር? የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ጥናት በአብዛኛው ይህን ለመመለስ የሮጠ ነው። በ1972 አልፍሬድ ሲመንስና ዴኒስ ፑልስተን በካምፔቼ ረግረግ ላይ ቦይ እየተቆፈረ አፈሩ ወደ መሐል የሚከመርባቸውን የጥንት ማሳዎች ይፋ አደረጉ። በኮረብቶች ላይ እርከን፣ በደረቁ ቆላ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ግድቦች ተከታትለው ተገኙ። የምንጣሮው ገበሬ ታሪክ ፈረሰ፤ ግምቱም ወጣ። ከዚያ ግን ትንሽ ውድቀት ተከተለ፤ ለዚህ ዳሰሳ ከመውጣቱ ይልቅ ውድቀቱ የበለጠ ያስተምራል። ከጠፈር ጥናት ጋር የተያያዘ ራዳር በአውሮፕላን ተጭኖ በጫካው ላይ በረረ፤ በ1981 የወጣው ውጤትም ረግረጉ በሙሉ በቦዮች መረብ የተሸፈነ ነው አለ። ሰዎች በእግራቸው ገብተው ሲያረጋግጡ ግን ከመስመሮቹ ብዙዎቹ ቦይ አልነበሩም። ከላይ የታየ ነገር መሬት ላይ ካልተነካ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ጥናቱ ያኔ ተምሯል፤ ትምህርቱን ከአርባ ዓመት በኋላም ማስታወስ ይጠቅማል።

በነዚያው ዓመታት ሌላ መስመር ወደ ላይ ይወጣ ነበር፣ የዘረፋው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቅድመ ኮሎምቢያ ዕቃ በኒው ዮርክና በአውሮፓ ገበያ ዋጋው ሲጨምር፣ ዘራፊዎች ሐውልቶችን በመጋዝ እየሰነጠቁ ፊታቸውን ብቻ ይወስዱ ጀመር። በ1971 የሐውልቶቹን ጽሑፍ እየዞረ ይመዘግብ የነበረው የኢያን ግራሃም ረዳት በጓቲማላ ጫካ ውስጥ ከዘራፊዎች በተተኮሰ ጥይት ተገደለ። የዩኔስኮ ስምምነት በ1970፣ የአሜሪካ የቅድመ ኮሎምቢያ ሐውልቶች ሕግ በ1972፣ በሰሜን ጓቲማላ ለሚገኘው ለፔቴን ግዛት ቅርሶች የተለየ የአሜሪካ እገዳ በ1991 መጡ፤ የትልልቁ ሐውልት ንግድ ቀነሰ፣ ከመቃብር የሚወጣው የሸክላ ዕቃ ግን ለመደበቅ ስለሚቀል ብዙ አልቆመም። አንድ ሸክላ ከመቃብሩ ሲወጣ የማን እንደነበር፣ ከማን ጋር እንደተቀበረ አብሮ ይጠፋል፤ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የሚቀረው ውበቱ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ዘረፋ አንዳንዴ ላልታሰበ ግኝት በር ከፍቷል። በ2001 ዊልያም ሳቱርኖ በሳን ባርቶሎ ከፀሐይ ለመጠለል ዘራፊዎች በቆፈሩት ዋሻ ውስጥ ገብቶ ባትሪውን ሲያበራ ግድግዳው ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ100 ገደማ የተሣለ ሥዕል ፊት ለፊቱ ነበር።

የ1990ዎቹ ትልቅ ለውጥ ከጫካው ሳይሆን ከሐይቅ መጣ። የደቡብ ማያ ከተሞች በ9ኛው ክፍለ ዘመን ስለወደቁበት ሁኔታ የሚታወቀው የቀኖች ዝርዝር ነው፤ በኮፓን በሐውልት የተጻፈው የመጨረሻው ዓመት 822፣ በቲካል 869፣ በቶኒና 909፤ ከዚያ በኋላ ፎርስተማን በፈታው የዘመን አቆጣጠር ሐውልት አልተቀረጸም። ለምን? አመፅ፣ ጦርነት፣ የደከመ አፈር፣ ሁሉም ተብሏል። በ1995 ዴቪድ ሆዴልና ባልደረቦቹ በዩካታን ከቺቻንካናብ ሐይቅ ሥር ባወጡት ደለል ውስጥ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከባድ ድርቅ እንደነበር አሳዩ። በ2012 በቤሊዝ የዮክ ባሉም ዋሻ ድንጋይ ደግሞ የድርቁን ዘመን በዓመታት ልክ አጠበበው። በ2018 በዚያው በቺቻንካናብ ደለል ላይ የተደረገ ስሌት በድርቁ ዘመን ዓመታዊ ዝናቡ ከ41 እስከ 54 በመቶ እንደቀነሰ ገመተ። በ1995 ድርቅ ነበር ወይስ አልነበረም ይባል ነበር፤ በ2018 ክርክሩ ወደ ስንት በመቶ ተሸጋገረ። እኔ ግን ድርቁ ሁሉን ያብራራል ከሚሉት ጋር አልቆምም። ውኃ በጣም የሚጎድላቸው የሰሜን ዩካታን ከተሞች፣ ቺቼን ኢትዛን ጨምሮ፣ ደቡቡ ሲወድቅ ለተወሰነ ጊዜ እንዲያውም ጠንክረዋል። ድርቁ ሁሉንም ነካ፤ ማን እንደሚወድቅ የወሰነው ግን ፖለቲካና የውኃ አያያዝ ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ካርታው በቀንድ አውጣ ፍጥነት ይሄድ ነበር። አርለንና ዳያን ቼዝ የተባሉ ባልና ሚስት አጥኚዎች በቤሊዝ ውስጥ በካራኮል ከ1985 ጀምሮ በየዓመቱ ሠሩ፤ በ25 ዓመት ውስጥ ያነሱት ካርታ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። በሚያዝያ 2009 ላይዳር፣ ማለትም ከአየር ላይ የሌዘር ብርሃን እየተኮሰ የመመለሻ ጊዜውን የሚለካ መሣሪያ፣ በአውሮፕላን አስጭነው በካራኮል ላይ አስበረሩ። ብርሃኑ በሣር ክዳን ቀዳዳ እንደሚሾልክ የፀሐይ ጨረር በቅጠሉ መካከል እየሾለከ መሬት ይነካል። ከተሰበሰበው 4.28 ቢሊዮን ነጥብ አብዛኛው ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ ቀርቷል፤ መሬት የደረሰው በአንድ ካሬ ሜትር በአማካይ 1.35 ነጥብ ብቻ ነው። ያ ግን በቅቷል። በአራት ቀናት በተደረገ በረራ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ተነሳ፤ ቅጠሉ በኮምፒውተር ሲገፈፍ ኮረብታው ሁሉ በእርከን ተቆራርጦ፣ ከመሐሉ ወደ ዳር በሚዘረጉ መንገዶች ታስሮ ታየ። ባልና ሚስቱ በዘመኗ ጫፍ ከተማዋ ከ100,000 በላይ ሰው እንደነበራት ለብዙ ዓመታት ሲናገሩ የሚጠራጠሯቸው ጥቂት አልነበሩም፤ ከ2009 በኋላ ጥርጣሬው ቀዘቀዘ።

ከካራኮል በኋላ ወደ ኋላ የሄደ አልነበረም። በ2016 በጓቲማላ የፓኩናም ፋውንዴሽን ያስተባበረው በረራ የ2018ቱን ውጤት ሰጠ። ከ61,480 ሕንፃዎች ሌላ ሆን ተብሎ ለእርሻ የተለወጠ 362 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬትና 106 ኪሎ ሜትር ያህል የተሠራ መንገድ ተመዘገበ። አጥኚዎቹ ይህን ወደ 95,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ማዕከላዊ ቆላ ዘርግተው ከ650 እስከ 800 ባለው ዘመን የሕዝቡን ብዛት ከ7 እስከ 11 ሚሊዮን ገመቱት። ከዚያ በፊት ለዚሁ ቆላ ይሰጡ ከነበሩት ግምቶች ብዙዎቹ ከ5 ሚሊዮን በታች ነበሩ። በ2025 ደግሞ ፍራንሲስኮ ኤስትራዳ-ቤሊና ባልደረቦቹ ሰፋ ባለ የላይዳር መረጃ ላይ ተመሥርተው ከ9.5 እስከ 16 ሚሊዮን አደረሱት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ያላየ ሰው ቆጠራ ይመስለዋል። ላይዳር ሰው አይቆጥርም፤ ጉብታ ነው የሚቆጥረው። ለምሳሌ ያህል 100 ጉብታ ይዘን እንነሳ። ከነዚህ ጥቂቶቹ ማድ ቤት፣ ጎተራ ወይም ጸሎት ቤት ይሆናሉና 20 እንቀንስ፤ 80 ይቀራሉ። ከቀሩት ደግሞ በተባለው ዘመን ሰው ያልኖረባቸው ይኖራሉ፤ አንድ አምስተኛውን እንጣል፣ 64 ቤት ይሆናል። በቤት 5 ሰው ብንል 320፣ 4 ሰው ብንል 256። አንድ ሰው በመቀነሳችን ብቻ አንድ አምስተኛው ሕዝብ ጠፋ፤ በ10 ሚሊዮን ላይ ይህ 2 ሚሊዮን ነው። እነዚህን መቀነሻዎች የሚሰጠው ላይዳሩ አይደለም፤ ጉልበቱን ያፈሰሰ ቁፋሮ፣ የሸክላ ስባሪ እያየ ይህ ቤት በ700 ተኖረበት፣ ያ ግን ከ600 በፊት ተትቷል የሚል ሰው ነው የሚሰጠው። ስለዚህ በረራው እያደገ ቁፋሮው ካላደገ፣ ቁጥሩ ይሰፋል እንጂ አይጠራም።

ሌላም ነገር አለ። የቲካል የ1961 ካርታ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 187 ያህል ሕንፃ ይሰጣል፤ የ2018ቱ ጥናት አማካይ 29 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱ የከተማ መሐል ነው፤ ሌላው ገጠሩን፣ ረግረጉንና ባዶውን ጫካ ይጨምራል። ማያዎች በእያንዳንዱ ኮረብታ ላይ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር የሚል ዜና የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ወስዶ በሁለተኛው ስፋት ሲያባዛ ነው የሚገኘው።

የ2020ዎቹ ለውጥ ከብዛቱ ይልቅ በዘመኑ ጥንታዊነት ላይ ነው። በ2020 ታኬሺ ኢኖማታና ዳንየላ ትሪያዳን በሜክሲኮ ታባስኮ ግዛት ስለሚገኘው አጓዳ ፌኒክስ ጻፉ፤ ርዝመቱ 1,400 ሜትር፣ ስፋቱ 400 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ10 እስከ 15 ሜትር የሆነ በሰው እጅ የተከመረ መድረክ ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1000 እስከ 800 ሲሆን፣ ለነገሥታት የተሠራ ሐውልትና ቤተ መንግሥት አልታየበትም። ገዢ ከመግነኑ በፊት ሰዎች በአንድነት ይህን ያህል አፈር ሊከምሩ ይችሉ ነበር ማለት ነው፤ ፒራሚድ ካለ ፈርዖን አለ ለሚለው ልማዳዊ ሐሳብ ትልቅ ፈተና ነው። ከዚህም በላይ መድረኩ በሚታይ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ሰው ይኖርበታል፣ ከብት ይሰማራበታል። እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ ከላዩ የሚሄድ ሰው ተራ ሜዳ ይመስለው ነበር።

ከማያ ምድር ውጭም ይኸው ማዕበል ደርሷል፤ በ2022 በቦሊቪያ፣ በ2024 በኢኳዶር ኡፓኖ ሸለቆ ከ6,000 በላይ የአፈር መድረኮችና ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉባቸው ሰፈሮች በአማዞን ደን ጥግ ይፋ ሆነዋል። ያ ግን የራሱ ዳሰሳ ይፈልጋል።

በ2024 ደግሞ የቱሌን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሉክ ኦልድ-ቶማስ በ2013 ለደን ካርቦን ልኬት ተብሎ የተሰበሰበ የላይዳር መረጃ በኢንተርኔት ላይ አግኝቶ በካምፔቼ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ 6,764 ሕንፃዎችን ቆጠረ፤ ከመካከላቸው ባልደረቦቹ ቫሌሪያና ያሏት፣ አደባባይ፣ ፒራሚድና የኳስ ሜዳ ያላት ከተማ ተገኘች። የደን ባለሙያዎቹ የፈለጉት ዛፉን ነበር፤ መሬቱን እንደ ትርፍ አስቀመጡት። ከተማዋ ከመኪና መንገድ የራቀች አይደለችም፤ በአካባቢው ገበሬዎች ዛሬም ይዘራሉ። «የጠፋች ከተማ ተገኘች» የሚለው የጋዜጣ ርዕስ የጠፋችው ለማን እንደነበር አይናገርም።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከቁጥሩ የማይነጠል ነው። ስቲቨንስ በ1841 ሠሪዎቹ የነዚህ ሰዎች አባቶች ናቸው ብሎ ነበር። የመጨረሻው ነጻ የማያ መንግሥት፣ በፔቴን ኢትዛ ሐይቅ ላይ የነበረው ኖህፔቴን፣ የወደቀው በ1697 ነው፤ ከቲካል የመጨረሻ ሐውልት ከ800 ዓመት በላይ በኋላ። ዛሬ ወደ 30 የሚጠጉ የማያ ቋንቋዎች በሚሊዮኖች ይነገራሉ። ከተሞቹ ወድቀዋል፣ ሕዝቡ ግን አልጠፋም፤ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አንዳንዶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ከፍታው ሄደዋል፣ ሌሎችም በየመንደራቸው ቀርተዋል። «ማያዎች ወዴት ጠፉ» የሚለው ያረጀ ጥያቄ መተው አለበት፤ የሚጠየቀው የትኛው መንግሥት፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን ምክንያት እንደፈረሰ ነው።

ከዚህ በኋላ ወዴት ይሄዳል? የ2016ቱ በረራ የሸፈነው ከ95,000 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ከ2 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቢጨመርም ገና ያልታየው ብዙ ነው፤ የተቆፈረው ደግሞ ከታየውም እጅግ ያንሳል። የደቡብ ሜክሲኮ ባቡር ሲዘረጋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥንታዊ ሕንፃዎች በችኮላ ተመዝግበዋል፤ ደኑም በየዓመቱ ለከብት ግጦሽ ይመነጠራል። የካራኮል ባልና ሚስት በ2025 በ331 የነገሠውን የከተማዋን የመጀመሪያ ንጉሥ ቴ ካብ ቻክን መቃብር አግኝተናል ሲሉ፣ ያገኙት በአካፋና በብሩሽ ነው፣ ሥራ በጀመሩ በ40 ዓመታቸው። በኔ ፍርድ ከ2009 ወዲህ የተጨመረው የሕዝብ ግምት በአቅጣጫው ትክክል ነው፣ ወደ ባዶው ከተማ ታሪክም መመለስ የለም፤ የቁጥሩ ልክ ግን ገና አልረጋም። የ1981ዱ ራዳር ካስተማረን በኋላ፣ ለማዕከላዊው ቆላ የሚሰጠውን ግምት ከ7 እስከ 16 ሚሊዮን ባለው ሰፊ ክልል ይዞ ማንበብ፣ አዲስ ቁጥር በወጣ ጊዜም ስንት ካሬ ኪሎ ሜትር በረሩ ከማለት በፊት ስንት ቤት ቆፈሩ ብሎ መጠየቅ ይበጃል።